የአረጋውያን የዓይን ምርመራ ወደ ቀበሌ ይውረድ

ብዙ አረጋውያን በሕክምና ሊድን ወይም ሊገታ በሚችል ሕመም ዓይነ ስውር የሚሆኑት ምርመራው ከሚኖሩበት ቀበሌ ስለሚርቅ ጭምር ነው። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከዚህም ግማሽ ያህሉ ብርሃኑን ያጣው በዓይን ሞራ ግርዶሽ መሆኑን አሳይቷል። ጥናቱ ቆይቷል፤ የሞራ ቀዶ ሕክምና ግን ያኔም ዛሬም ዓይንን ብቻ በማደንዘዝ በአጭር ጊዜ የሚጠናቀቅ ነው።

እንቅፋቱ ሕክምናውና ታካሚው አለመገናኘታቸው ነው። አረጋውያን፣ በተለይም በገጠር የሚኖሩ እናቶች፣ የዓይናቸውን መድከም የእርጅና ዕጣ አድርገው ይቀበሉታል። ሆስፒታል ለመሄድ ቢነሡም መሪ፣ የመጓጓዣ ገንዘብና ማደሪያ ያስፈልጋቸዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ግን በየቤቱ ይገባሉ፤ በእይታ መለኪያ ሠንጠረዥና በእጅ ባትሪ ሞራንና ትራኮማ የሚያስከትለውን የዓይን ፀጉር መቀልበስ ለመለየት አጭር ሥልጠና ይበቃቸዋል። ግላኮማን ለመለየት በእርግጥ የዓይን ባለሙያ ያስፈልጋል።

ቀዶ ሕክምና የማይከተለው ምርመራ ስም ከመመዝገብ አያልፍም። ስለዚህ ጤና ሚኒስቴርና የክልል ጤና ቢሮዎች ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑ ሁሉ በየቀበሌው የሚሰጥ ዓመታዊ የዓይን ምርመራን በመደበኛ በጀታቸው ሊይዙ፣ ለተለዩትም የቀዶ ሕክምና ቀጠሮና መጓጓዣ አብረው ሊመድቡ ይገባል።