ድጓ ያስመሰከረው ለምን «ያልተማረ» ይባላል?

ከአንበሳሜ የሚወጡ ሁለት ልጆችን እናስብ። አንዱ በሐሙሲት በኩል መኪና ይዞ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ይገባል። (ያም ቀላል አይደለም፤ በ2016 የ12ኛ ክፍል ፈተና ካስፈተኑት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ።) ሌላው ለምዱን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ወደ ጋይንት ይሻገራል። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ከውሻ እየታገለ፣ ዜማውንና ቅኔውን ሲጨርስ ዕድሜው ሠላሳን ይጠጋል። ይህ ሰው ወረዳ ጽሕፈት ቤት ቅጽ ቢሰጠው «የትምህርት ደረጃ» በሚለው ቦታ ምን ይጽፋል? ቢበዛ «መደበኛ ያልሆነ» ከሚለው ሥር ይገባል።

ስለ ክርስቲያናዊ ከፍተኛ ትምህርት ሲወራ ጥፋቱ ሁሉ «ዘመኑ ዓለማዊ ሆነ» ተብሎ ይዘጋል። ሕገ መንግሥቱ ግን ዋናው እንቅፋት አይደለም። አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽእኖ ነጻ ይሁን ይላል፤ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይህ ተገቢ ነው፤ የሙስሊሙም የፕሮቴስታንቱም ልጅ የሚማርበት ቤት ነውና። አንቀጽ 27 ደግሞ አማኞች የራሳቸውን የትምህርት ተቋም እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል። በሩ ክፍት ነው።

ደቡብ ጎንደር በዚህ ረገድ ባዶ አገር አይደለም። ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬና መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው። ደብረ ታቦር የተክሌ አቋቋም ቤት ናት። የዚያ ስልት ባለቤት በፎገራ ናበጋ የተወለዱት አለቃ ገብረ ሐና ናቸው፤ ሕዝቡ ቀልዳቸውን እንጂ ሊቅነታቸውን አያወራም። እንደሚነገረው የጎንደር ሊቃውንት አዲሱን አቋቋም አልቀበልም ቢሉ፣ ልጃቸው ተክሌ ደብረ ታቦር ላይ አስተማረው። መምህር፣ ደረጃ፣ ፈተና፣ ምስክር ያለው ትምህርት ከፍተኛ ትምህርት ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ችግሩ ቤት ውስጥ ነው። አዲስ አበባ የነበረው የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅ በደርግ ተዘግቶ በ1987 ሲከፈት የአብነቱና የዘመናዊው ትምህርት ማገናኛ ይሆናል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። ዛሬም ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ እንጂ አልተጋቡም። ዲግሪ ያለው ቅኔ ይቸግረዋል፤ ቅኔ ያለው ዲግሪ የለውም። ለቢሮ ወንበር ዲግሪ የሚጠይቅ ቤተ ክህነት ለገዛ ምስክር ወረቀቱ ዋጋ ካልሰጠ፣ ወረዳው እንዲሰጥ መጠበቅ ይከብዳል።

ሌላ አገር ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ያስቆጫል። የኢትዮጵያ ብራና ማይክሮፊልም ተሰብስቦ የተቀመጠው ሚኒሶታ ውስጥ፣ የቤኔዲክት መነኮሳት በመሠረቱት ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ ሆነው ካታሎግ ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ፊደል የቆጠሩት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነበር፤ በ1988 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የማካርተር ሽልማት አገኙ። በዓለማዊቷ አሜሪካ አንድ የገዳም ዩኒቨርሲቲ ግእዝን በክብር አስቀመጠ።

የአብነት መምህራን የሚፈሩት ነገር አለ፤ ፍርሃታቸውም ከንቱ አይደለም። ድጓ በክሬዲት ሰዓት ከተቆረጠ፣ ልጁ ወረቀቱን ለመያዝ ብቻ ይማራል፤ በቃል የሚያዘው ይቀራል፤ ቤተልሔምም የሦስት ወር ኮርስ ትሆናለች። ስለዚህ መስተካከል ያለበት ኮሌጁ ነው። የአብነት ትምህርቱ ባለበት ይቆይ፤ ያስመሰከረው ሰው ግን ያለ 12ኛ ክፍል ውጤት፣ በምስክሩ ኮሌጅ ይግባ፤ የተማረው ዜማና ቅኔ ይቆጠርለት፤ የጎደለውን ታሪክና ቋንቋ ይጨምር። ሲኖዶሱ ይህን በራሱ ኮሌጆች ውስጥ በአንድ ስብሰባ ሊወስነው ይችላል። የትምህርት ሚኒስቴር ዕውቅና ጉዳይ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ድርድር ነው።