ስለትና ዕዳ

አንባብያን ሆይ፤ በዚህ ሳምንት የማጫውታችሁ ስለ ገንዘብ ነው። ስለ ገንዘብ በግልጽ መናገር በእኛ ዘንድ እንደ ነውር ይቈጠራል፤ ይልቁንም ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው ገንዘብ ሲነሣ ሁሉም ዐይኑን ወደ መሬት ይጥላል። እኔ ግን ከገዛ ስሕተቴ ትምህርት ስላገኘሁ፣ ስሕተቱን ሸሽጌ ትምህርቱን ብቻ ባካፍላችሁ ማታለል ይሆንብኛል።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ ፈተናዬን ያለፍሁና ሥራ ያገኘሁ እንደሆነ ለደብራችን አንድ የወርቅ ዘቦ ጃንጥላ ላገባ ተስዬ ነበር። ፈተናውን አለፍሁ፤ በመምህርነትም ተቀጠርሁ። ከዚያም ለብዙ ወራት ምሳዬን በሽሮ እየገፋሁ ከደመወዜ ቈጥቤ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ስለቴን አገባሁ። ስሜ ተጠርቶ ሴቶቹ እልል ሲሉ፣ ሽማግሎቹም ሲመርቁኝ፣ በዚያ ቀን ከእኔ የሚበልጥ ሰው በከተማው ያለ አልመሰለኝም።

ለገና ከደብረ ብርሃን ማዶ ወዳለው ወደ ወላጆቼ ቤት ሄድሁ። ወደ በረቱ ብመለከት ዳልቻው በሬ የለም። እናቴን ብጠይቃቸው «ተሸጠ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ነገሩን የገለጠችልኝ ታናሽ እኅቴ ናት። እኔ ስማር ለመሳፈሪያ፣ ለልብስና ለወረቀት ይላክልኝ የነበረውን ገንዘብ አባቴ የተበደሩት ከአንድ ጎረቤት ኖሯል። ባለ ገንዘቡ «ልጅህ ደመወዝተኛ ሆኗል፤ እንግዲህ ክፈለኝ» ቢላቸው፣ እኔን ላለማስጨነቅ ሲሉ ከጥማዱ አንዱን ሸጡ። ከዚያ በኋላ የሚያርሱት ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ሆነ።

ማታ ምድጃ ዳር ተቀምጠን ሳለን አባቴ «ስለትህን አገባህ?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎን» አልኋቸው። «እሰየው፣ ልጄ» አሉ፤ ስለ በሬው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ዕዳ መኖሩን ፈጽሞ አላውቅም ነበር ብል እዋሻለሁ። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ እጠረጥር ነበር፤ ነገር ግን አልጠየቅሁም። «የአባት ዕዳ ለልጅ» ሲባል እሰማ ነበር፤ የልጅ ዕዳ ለአባት ሲሆን ያየሁት ግን በዚያች ሌሊት ነው።

ወደ ከተማ ስመለስ ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። እሳቸውም የማርቆስን ወንጌል ምዕራፍ 7 ከፍተው አስረዱኝ። በዚያ ዘመን አንዳንድ ሰዎች ወላጆቻቸውን ሊረዱበት የሚገባውን ሀብት «ቍርባን ነው» ማለት ለእግዚአብሔር የተለየ ነው እያሉ አባትና እናታቸውን ባዶ እጅ ይሰዱ ነበር። ጌታም ስለዚህ አጥብቆ ነቀፋቸው። «ልጄ፣ የተሳሉትን መክፈል ግዴታ ነው። ሳይሳሉ መቅረት ግን ኃጢአት እንዳይደለ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 ያስተምራል። እንግዲህ ከመሳልህ በፊት ዕዳህን ቍጠር» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን መመርመር ጀመርሁ። አሥራት ከሙሴ ሕግ በፊት የነበረ ሥርዓት ነው፤ አብርሃም ለመልከ ጼዴቅ ሰጥቷል፤ ያዕቆብም በቤቴል ሊሰጥ ቃል ገብቷል። በሕጉ ዘመን ሌዋውያን ርስት ስላልነበራቸው ከአሥራቱ ይኖሩ ነበር፤ ከተቀበሉትም ላይ ዐሥረኛውን እጅ እነርሱ ራሳቸው ይሰጡ ነበር። በየሦስተኛውም ዓመት አሥራቱ ለመጻተኛ፣ ለድኻ አደግና ለመበለት ጭምር እንዲሆን ታዟል። ስለዚህ ቤተ መቅደስና ድኻ በአንድ ማዕድ የተቀመጡ ናቸው እንጂ ባላጋራዎች አይደሉም።

በአገራችን ቃሉ ሌላም ትዝታ አለው። የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ በ1960 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ ገበሬው በአሥራት ስም ለመንግሥት ይከፍል ነበር። ለአያቶቻችን አሥራት ሲባል የግብር ሰብሳቢው ፊት ትዝ ቢላቸው አይፈረድባቸውም። ቤተ ክርስቲያንም በበኩሏ ለብዙ ዘመን የኖረችው በመሬቷ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ግን ያ መተዳደሪያ ቀረ፤ የካህኑ እንጀራና የመቅደሱ ጧፍ በምእመናን እጅ ላይ ወደቀ። እንግዲህ «ቤተ ክርስቲያን ምን አጥታ?» የሚል ሰው ይህን ማስታወስ ይገባዋል።

ገንዘቡን የሚቀበሉትም ግዴታ አለባቸው። በንጉሡ በኢዮአስ ዘመን ካህኑ ዮዳሄ ክዳኑ የተበሳ ሣጥን በመሠዊያው አጠገብ አኖረ፤ ገንዘቡ ሲበዛ የንጉሡ ጸሓፊና ሊቀ ካህናቱ በአንድነት ይቈጥሩት ነበር። አንድ ሰው ብቻውን እንዲቈጥር አልተተወም። ሐዋርያው ጳውሎስም የምጽዋቱን ገንዘብ ሲያስወስድ ሰው እንዳያማው ሌሎች ወንድሞችን አብሮ ልኳል። ሒሳብ መጠየቅ እምነት ማጣት አይደለም።

እኔ ዛሬ ደመወዝ ስቀበል የማደርገውን ልንገራችሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ዕዳዬን በወረቀት እጽፋለሁ፤ የባለ ሱቁን ገንዘብ ይዤ ብሰጥ የምሰጠው የእርሱን እንጂ የእኔን አይደለምና። ቀጥዬ ከ1000 ብር 100 ብር፣ ከ100 ብር 10 ብር እያልሁ አሥራቱን ለብቻው አስቀምጣለሁ፤ ወር እስኪያልቅ ብጠብቅ አንዳች እንደማይተርፍ አውቃለሁ። ከዚያ ለወላጆቼ፣ ከዚያም ለቤቴ። ነገር ግን «ዕዳ አለብኝ» እያላችሁ ዕድሜ ልካችሁን እጃችሁን እንዳታጥፉ አደራ! ያቺ መበለት ሁለት ሳንቲም ብቻ ነበራት፤ ጌታም ከባለጠጎቹ ሁሉ አብልጦ ያመሰገነው እርስዋን ነው።

የአባቴን በሬ መግዣ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያልሁ አጠራቅማለሁ፤ ገና አልሞላም። ጃንጥላውን በበዓል ቀን ከታቦቱ በላይ ተዘርግቶ ባየሁ ቍጥር ደስ ይለኛል፤ አባቴም በመቀናጆ ሲያርሱ ይታየኛል። እናንተስ፣ አንባብያን ሆይ፤ ከመሳላችሁ በፊት ቤታችሁን ጠይቃችኋልን?