ስቱዲዮው ወደ መሰንቆው ይሂድ

መራዊ ላይ ዘፈን ማስቀዳት የፈለገ ወጣት መንገዱ የታወቀ ነው። ገንዘብ ያጠራቅማል፣ ሚኒባስ ይሳፈራል፣ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ባሕር ዳር ይወርዳል፤ ያውም መንገዱ ክፍት ሲሆን። ዘመድ ያለው ደግሞ አዲስ አበባ ይገባል። ስቱዲዮ ሲደርስ ኪቦርዱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ከበሮው ከኮምፒውተር ይወጣል፣ ዋሽንቱ ከኪቦርድ፣ መሰንቆውም ከኪቦርድ። ወጣቱ ድምፁን አስገብቶ ሒሳቡን ከፍሎ ይመለሳል። ሰፈሩ ያሉት መሰንቆ መቺ፣ ዋሽንት ነፊው እረኛ፣ በየሰርጉ ዘፈን የሚያወርዱት እናት ግን የትም አልተቀዱም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼው ነው።

ድምፅን ለማስቀዳት አገር አቋርጦ መሄድ አዲስ ነገር አይደለም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1910 አካባቢ ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀዱት በርሊን ላይ ነው። አምሓ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሓ ሪከርድስን አቋቁሞ የአዲስ አበባን ዘፋኞች ሲያስቀዳ እንኳ ሸክላው የሚታተመው ባሕር ማዶ ነበር። ከዚያ ካሴት መጣ፤ ባለ ካሴቱን ፍለጋም ሰው ወደ አዲስ አበባ ይጎርፍ ነበር። በየዘመኑ ማሽኑ ውድና ከባድ ስለነበር ሰው ወደ ማሽኑ ይሄድ ነበር። ዛሬ ግን ማሽኑ አንድ መጽሐፍ ያክላል፤ በጀርባ ቦርሳ ይገባል። ታዲያ ለምንድን ነው እስከ ዛሬ ሰው ወደ ማሽኑ የሚሄደው?

ዕቃው ኦዲዮ ኢንተርፌስ ይባላል፤ ብዙዎች በልማድ «ሳውንድ ካርድ» ይሉታል። ከማይክ የሚመጣውን ደካማ ሞገድ ያጎላል፣ ወደ ቁጥር ይለውጣል፣ በዩኤስቢ ገመድ ለላፕቶፑ ያቀብላል። ትንንሾቹ ኃይል የሚያገኙትም ከዚያው ገመድ ነው። መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ላፕቶፑ ቻርጅ እስካለው ድረስ ቀረጻው ይቀጥላል። እንዲያውም ቻርጀሩ ተነቅሎ በባትሪ ሲቀዳ ከመብራት መስመሩ የሚመጣው እምምም የሚል ድምፅ ብዙ ጊዜ አብሮ ይጠፋል።

«ስልክ አይበቃም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ለማስታወሻ ይበቃል። ስልክ ግን በዋናነት የተሠራው ለንግግር ነው። ድምፅ ሲበረታ ራሱ ይቀንሳል፣ ሲደክም ራሱ ይጨምራል፣ ብዙ ጊዜም ንግግር የማይመስለውን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ለማጥፋት ይታገላል። ጭራ ከጭራ ሲፋተግ የሚወጣው ያ ሻካራ ድምፅ ለስልኩ ጫጫታ ነው፤ ለሚያውቀው ጆሮ ግን የመሰንቆው ነፍስ ነው። ቴሌግራም ላይ በማይክ ምልክቷ የሚላከው ቮይስማ ተጨምቆ ነው የሚሄደው። ቀረጻ ለሰው መላክ ካስፈለገ በፋይል ይላክ።

ዋጋው ያስፈራል፤ እውነት ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ110 ብር አልፏል። 100 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ በባንክ ምንዛሬ ብቻ ወደ እጥፍ ተጠጋ ማለት ነው። ስለዚህ አምስት ስድስት ሆኖ መግዛት ነው። እቁብ ለሰርግና ለበሬ መግዣ ከዋለ ለድምፅ የማይውልበት ምክንያት የለም።

ሲገዛ ሁለት የማይክ ቀዳዳ ያለው ይመረጥ። አዝማሪ እየመታ ነው የሚዘፍነው፤ አንዱ ማይክ ለአፉ፣ ሌላው ለመሰንቆው ይሆናል፤ ለየብቻ የተቀዳን በኋላ ማመጣጠን ይቀላል። ሻጩ «ኮንደንሰር ማይክ ውሰድ» ይል ይሆናል። ኮንደንሰር ጸጥ ላለ ክፍል ነው። ወፍጮ ቤቱ፣ አውራ ዶሮው፣ የባጃጁ ጥሩምባ ሁሉ ይገባበታል፤ ሳጥኑ ላይ 48 ቮልት የምትለዋን ቁልፍም ይፈልጋል። ለገጠር ቤት ዳይናሚክ ማይክ ይሻላል። ቀረብ ተብሎ ሲያዝ ከፊቱ ያለውን አጉልቶ ይሰማል፣ ከሩቅ የሚመጣውን ያደበዝዛል። ለዋሽንት ከሆነ ማይኩ ከትንፋሹ ፊት ለፊት አይደቀን፤ ወደ ጎን ዘወር ይበል።

ድራይቨሩ ኢንተርኔት ካለበት ከተማ ሳይወጣ ይጫን። ዊንዶውስ ላይ ብዙዎቹ ከአምራቹ ድረ ገጽ የሚወርድ አሲዮ የሚባል ድራይቨር ይፈልጋሉ፤ ማክና ሊኑክስ ላይ አብዛኞቹ እንደተሰኩ ይሠራሉ። ነሐሴ 2015 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት መቆየቱን ያየ ሰው «እዚያ ስደርስ አወርደዋለሁ» አይልም። ድራይቨሩና እንደ ኦዳሲቲ ያለ ነጻ የመቅጃ ፕሮግራም በፍላሽ ከተያዘ ቀረጻው ምንም ኢንተርኔት አይጠይቅም።

ቅንብሩ 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት ይሁን። በዚህ መጠን አንድ ማይክ በሰዓት 520 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ሁለቱ አንድ ጊጋባይት ያህል። ብዙ ቀረጻ የሚበላሸው ጌይን በምትባለው ቁልፍ ነው። አዝማሪው ለሙከራ ሲያንጎራጉር ልክ የነበረው፣ ሞቅ ብሎት ቀረርቶ ሲጀምር ቀይ ያበራል። ቀይ ያበራ ድምፅ ተሰንጥቋል፤ በኋላ መልሶ የሚጠግነው የለም። ስለዚህ ሙከራው በቀረርቶው ይጀመር፤ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ላይ እንዲቀር ይቀነስ። አንሶ የተቀዳ በ24 ቢት ከሆነ በኋላ ሊጎላ ይችላል። ዋሽንት ነፊው በተቀዳው ላይ ሲደርብ ራሱን በማዳመጫው ዘግይቶ ከሰማ፣ ባፈር የሚባለው ቁጥር ወደ 128 ይውረድ፤ ድምፁ ከተቆራረጠ ወደ 256 ይመለስ።

በክፍል ረገድ ገጠሩ ከከተማው ይበልጣል። የጭቃ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን፣ የእህል ጆንያ፣ ከጀርባ የተሰቀለ ቡልኮ ማስተጋባትን ይቀንሳሉ፤ ባዶ የብሎኬት ክፍል ግን ያስተጋባል። ጠላቱ በክረምት የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ስለዚህ የቀረጻው ወራት ከጥቅምት በኋላ ነው፤ ደግነቱ የጥር ሰርግም እዚያው ውስጥ ነው።

ከቴክኒኩ የሚከብደው የባለቤትነቱ ጉዳይ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙም መብት ይሰጣል፤ ክወናውን መቅዳትና ማባዛት የሱን ፈቃድ ይጠይቃል። አዝማሪው ግን ይህን የሚነግረው የለም። በሰርጉ ላይ አሥር ስልክ ይደቀንበታል፣ በማግስቱ ዘፈኑ በየቻናሉ ይዞራል፣ ለሱ ግን ግንባሩ ላይ ከተለጠፈችው ብር ሌላ አይደርሰውም። ባለ ሳጥኑ ወጣት ከስልኮቹ የሚለየው በድምፅ ጥራት ብቻ ከሆነ አሥራ አንደኛው ስልክ ሆነ ማለት ነው። መጀመሪያ ስምምነት፣ ቢቻል በጽሑፍ፤ ከዚያ ማይክ። ገንዘብ ከመጣ ድርሻው አስቀድሞ ይወሰን። ሙሾ ከሆነ ቤተሰቡ ሳይፈቅድ አይነካ። የቀረጻው የመጀመሪያ ቅጂም በፍላሽ ለተቀዳው ሰው ወይም ለልጁ ይሰጥ።

ኪቦርድ የሚወድ ይጠቀም፤ የሚከለክለው የለም። መሰንቆ መቺው ግን ቅኝቱን የሚያወጣው ከራሱ ጉሮሮ ጋር ነው፤ በኪቦርዱ ልክ አስገድደው ካስቃኙት የሚጠፋ ነገር አለ። በፊት ብቻውን በንጹሕ የተቀዳ መሰንቆ ላይ ነገ የፈለጉትን መጨመር ይቻላል። ከኪቦርድ የወጣውን «መሰንቆ» ይዞ ግን ወደ ሰውዬው መመለስ አይቻልም።

የባሕር ዳሩ ስቱዲዮ የትም አይሄድም፤ ከአሥር ዓመት በኋላም ይገኛል። በመራዊ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር ያሉት የ80 ዓመት አዛውንት ግን ያን ያህል አይጠብቁም። ለመጪው ጥር የሚደርስ እቁብ መጀመር ያለበት ዛሬ ነው።