የምስጢር መጻፊያ መኪናን እንደ ገና መሥራት ከንቱ ድካም ነውን?

በዘመናችን በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ ሰዎች ከዕለት ሥራቸው የሚተርፋቸውን ጊዜ ለአንድ እንግዳ ነገር ያውሉታል። ይኸውም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ምስጢራዊ መልእክት ይጻፍባቸውና ይፈታባቸው የነበሩትን መኪናዎች እንደ ገና መሥራት፥ ሳይፈቱ የቀሩትንም አሮጌ መልእክቶች መፍታት ነው። ደመወዝ የሚከፍላቸው የለም፤ ጦርነቱም ካለቀ ብዙ ዘመን አልፎአል። ይህን ነገር በሳይንስ ክበባችን ውስጥ ባነሣሁ ጊዜ ከጓደኞቼ አንዳንዶቹ፥ «የኪስ ስልክ ባጭር ጊዜ የሚሠራውን በሽቦና በብረት ለመሥራት ዓመታት ማጥፋት ከንቱ ድካም ነው» አሉኝ። እኔ ግን ከንቱ አይደለም እላለሁ፤ ምክንያቴንም በተራ አቀርባለሁ። የምጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

በመጀመሪያ መኪናው ምን እንደ ሆነ ባጭሩ ልግለጽ። ጀርመኖች የተጠቀሙበት ኤኒግማ የተባለው መኪና በመልኩ የጽሕፈት መኪና ይመስላል። አንድ ፊደል ሲነካ የኤሌክትሪክ ኃይል በሦስት መዘውሮች ውስጥ ያልፍና ከወዲያኛው ጫፍ ተመልሶ በሌላ ፊደል ሥር ያለውን ትንሽ መብራት ያበራል። ፊደል በተነካ ቍጥር መዘውሩ ስለሚዞር፥ ያው ፊደል ደግሞ ቢነካ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ፊተኛው አይሆንም። ከፊት ለፊቱ ያሉት የሽቦ መሰኪያዎች ሲጨመሩ፥ መኪናው ሊዘጋጅ የሚችልበት መንገድ ብዛቱ 159 ተጽፎ ከኋላው 18 ዜሮ ቢደረደር የሚገኘውን ቍጥር ያህላል። ጀርመኖችም ይህን ቍጥር ተማምነው ነበር። ሆኖም ማርያን ሬየቭስኪ የተባለው የፖላንድ የሒሳብ ሊቅ፥ የፈረንሳይ የስለላ ክፍል ባገኘው ወረቀት ተረድቶ፥ በ1932 መጨረሻ የመኪናውን የውስጥ ሽቦ አሠራር በሒሳብ ደረሰበት። በ1939 ፖላንዶች ዕውቀታቸውን ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ አካፈሉ።

አንደኛው ምክንያቴ ይህ ነው። በኤኒግማ አንድ ፊደል ምን ጊዜም ራሱን ሆኖ አይወጣም። ይህን በመጽሐፍ ያነበበ ሰው ያምነዋል፤ መኪናውን በገዛ እጁ የሠራ ግን ለምን እንደዚያ እንደ ሆነ ያየዋል። ኃይሉ የሄደበትን መንገድ ይዞ ሊመለስ ስለማይችል ወደ ተነሣበት ፊደል አይደርስም። መልእክት ፈቺዎችም በዚህ ጕድለት ገቡበት። በመልእክቱ ውስጥ አንድ ቃል ይኖራል ብለው ሲገምቱ ቃሉን በጽሑፉ ሥር ያንሸራትቱታል፤ አንድ ፊደል ከራሱ ጋር በተገጣጠመበት ስፍራ ቃሉ ሊኖር አይችልም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም እንደሚባለው፥ እንዲህ ያለውን ነገር ልብ የሚያየው እጅ ሲሠራ ነው። ለመጀመሪያውም ብረት አያስፈልግም፤ ሽቦዎቹ በእርሳስ የተሠመሩበት ወረቀት በጣሳ ላይ ተጠቅልሎ ቢዞር ይበቃል።

ሁለተኛው ምክንያቴ ከዚህ ይበልጣል። የጀርመን ከፍተኛ አዛዦች ሎሬንዝ የተባለ ሌላ መኪና ነበራቸው። የዚህን ቍልፍ ለመፈለግ የእንግሊዝ ፖስታ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ቶሚ ፍላወርስ ኮሎሰስ የተባለውን መኪና ሠራ። ኮሎሰስ ቫልቭ የሚባሉ አምፖል መሳይ የመስታወት ዕቃዎች ከ1,500 በላይ ነበሩት፤ በ1944 መጀመሪያ ብሌችሊ ፓርክ በተባለው ስፍራ ሥራውን ጀመረ፤ ጦርነቱ እስኪያልቅም 10 ያህል ተሠሩ። ከዚያ በኋላ ግን ምስጢር እንዳይወጣ ተብሎ አብዛኞቹ ፈረሱ፤ ፍላወርስም ፕላኖቹን እንዲያቃጥል ታዘዘና አቃጠለ። እስከ 1970ዎቹ ድረስ ሕዝቡ ስለ ሥራው አላወቀም።

በ1993 ቶኒ ሴል የተባለ መሐንዲስ ኮሎሰስን መልሼ እሠራለሁ ብሎ ተነሣ። በእጁ የነበሩት ስምንት ፎቶግራፎችና አንዳንድ የተቈራረጡ ፕላኖች ብቻ ነበሩ። የቀረው በሽማግሌ መሐንዲሶች ራስ ውስጥ ነበርና፥ እየዞረ ጠየቃቸው። በ1996 መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲንቀሳቀስ ፍላወርስ ራሱ ቆሞ አየው፤ በ1998 ሞተ። እንግዲህ አስቡት፤ ቶኒ ሴል ጥቂት ዓመት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ማንን ይጠይቅ ነበር?

ጓደኞቼ በ2007 የሆነውን እንደ ማስረጃ አድርገው ይጠቅሱብኛል። በዚያ ዓመት ሥራው የተፈጸመው ኮሎሰስ ከጀርመን አገር በሬዲዮ በተላከ የምስጢር መልእክት ውድድር ገጠመ፤ የቦን ከተማ ነዋሪ የሆነ አንድ ጀርመናዊ ግን በራሱ ኮምፒዩተር ቀደመው። ኮምፒዩተሩ የመዘውሮቹን አቀማመጥ በ46 ሴኮንድ አገኘ። ነገር ግን ይህ ሰው ፕሮግራሙን የጻፈው ራሱ ነው፤ ለመጻፍም የአሮጌውን መኪና ጠባይ ማጥናት ነበረበት። ያለ ደመወዝ፥ ለዕውቀት ፍቅር ሲል የደከመ ነው። ስለዚህ አሸናፊውም ተሸናፊውም ከአንድ ወገን ናቸው፤ ፍጥነቱም ለእኔ እንጂ ለእነሱ አይመሰክርም።

ሦስተኛው ምክንያቴ መልእክቶቹ ራሳቸው ናቸው። በየካቲት 1942 የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች በኤኒግማቸው ላይ አራተኛ መዘውር ጨመሩ። እንግሊዞችም ለ10 ወር ያህል ማንበብ ተሳናቸው፤ በአትላንቲክ ውቅያኖስም ብዙ መርከብ ከነሰዉ ሰጠመ። በጥቅምት 1942 አንቶኒ ፋሰንና ኮሊን ግሬዚየር የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ ባሕረኞች በመስጠም ላይ ከነበረ የጀርመን መርከብ ገብተው የምስጢር ወረቀቶቹን ሲያወጡ አብረው ሰጠሙ። ጨለማው የተገፈፈው በዚያ ወረቀት ነው። ከዚያ ዘመን ሳይፈታ የቀረ አንድ መልእክት በ2006 አንድ ጀርመናዊ የቫዮሊን ተጫዋች ፈታው፤ ፈቃደኞችም የቤታቸውን ኮምፒዩተር ለሥራው አዋሱት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና። መልእክቱ ዩ-264 የተባለው ሰርጓጅ መርከብ አዛዥ በኅዳር 1942 የላከው ነበር፤ ጠላት አጥቅቶት ወደ ባሕር ውስጥ ለመግባት እንደ ተገደደና ጠላቱን በመጨረሻ የት እንዳየው ይናገራል። ዛሬ ይህ ለማንም የጦር ጥቅም የለውም። ነገር ግን ከ60 ዓመት በላይ ድምፁ ታፍኖ የነበረ ሰው ተሰማ፤ ይህም ለታሪክ ትንሽ ነገር አይደለም።

ነገሩ ለአገራችንም ባዕድ አይደለም። በ1940ና በ1941 በምሥራቅ አፍሪካ በተደረገው ጦርነት እንግሊዞች የኢጣልያን ምስጢራዊ ቴሌግራም እየፈቱ ያነቡ ነበር። ስለዚያ ዘመን ጀግንነት ብዙ እንማራለን፤ በእርሳስና በወረቀት ስለ ተደረገው ጦርነት ግን ሲነገር የሰማሁት ጥቂት ነው።

«ለፈተና ብትዘጋጁ ይሻላል» የሚሉ ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ፤ አሳባቸውንም አከብራለሁ። ይሁን እንጂ የመዘውሮቹን አቀማመጥ መቍጠር ከሒሳብ ትምህርታችን፥ ኃይል በሽቦ የሚሄድበትን መንገድ መከተል ከፊዚክስ ትምህርታችን የወጣ ነው።

ስለዚህ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። ክበባችን በሚመጣው ዓመት በመጀመሪያ የወረቀቱን፥ ቀጥሎም የሽቦውን ኤኒግማ ይሥራ። መምህሮቻችን አንድ ጠረጴዛና የሳምንት አንድ ሰዓት ይፍቀዱልን። ሬዲዮ መጠገን፥ ብረት መበየድ የሚያውቁ አባቶችና እናቶችም መጥተው ያሳዩን። እኛም እንደ ቶኒ ሴል፥ የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው። ፕላን ቢቃጠል ከሰው አንደበት ሊሰበሰብ ይችላል፤ ሰው ከሞተ በኋላ ግን የሚጠየቅ የለም።