የግድግዳው ፊት የመንገደኛው ነው

ቤት የባለቤቱ ነው፤ የግድግዳው የውጭ ፊት ግን የአላፊ አግዳሚው ነው። ይህን ሕግ ማንም በወረቀት ሳይጽፍላቸው ሲጠብቁት የኖሩትን ሰዎች ለማየት የሚወድ ወደ ሐረር ጀጎል ይሂድ።

አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ባሠሩት ግንብ ውስጥ ያለው የሐረሪ ቤት ፊቱን ወደ ግቢው አዙሮ የሚቀመጥ ነው። ጌጡ ሁሉ በውስጥ ነው፤ ለጠባቡ መንገድ የሚተርፈው ባዶ ግድግዳ ብቻ ነው። ዳሩ ግን የቤቱ እመቤት ያንን ባዶ ግድግዳ አትንቀውም። በየዓመቱ የረመዳን ጾም ሳይገባ ነጭ፥ አረንጓዴ፥ ሰማያዊ፥ ሐምራዊ አድርጋ ታድሰዋለች። እርሷ በግቢዋ ተቀምጣ ከዚህ ቀለም የምታገኘው ጥቂት ነው፤ የሚደሰትበት መንገደኛው ነው። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን ከዓለም ቅርሶች ጋራ ሲቈጥር የእነዚህን ሴቶች ድካም አብሮ ቈጠረ ቢባል ሐሰት አይሆንም።

እንግዲህ በከተማው የሚቆም የውሃ ማጠራቀሚያ፥ የመብራት ማከፋፈያ ቤት፥ የሕዝብ መጸዳጃ ከዚህ ሕግ ነጻ የሚሆነው በምን ሥልጣን ነው? አንዲት ድኻ ሴት ለመንገደኛ የምትከፍለውን ግብር መሥሪያ ቤት ስለ ምን አይከፍልም? «ይህ የሥራ ቤት ነው እንጂ አዳራሽ አይደለም» የሚሉ አሉ። ነገር ግን ሕዝብ አዳራሹን የሚያየው በዓመት አንድ ቀን ነው፤ የሥራውን ቤት ግን ጧትና ማታ ያየዋል።

ሌሎችም «ሥዕል ክብሩ በመቅደስ ነው፤ ውሻ በሚተኛበት ግንብ ላይ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ቅዱሳን በዚያ ይሣሉ ያለ የለም። የብራናው ጸሓፊ ግን በመጽሐፉ ራስ ላይ ሐረግ የሚስበው የቃሉን ክብር በዓይንም ለማሳየት አይደለምን? የሐረሪ ሴቶች በስፌታቸው ላይ የሚያወጡት ጌጥ በማከፋፈያው ቤት ግድግዳ ላይ ቢወጣ ማንን ያረክሳል? በሜክሲኮ ዲዬጎ ሪቬራ በ1920ዎቹ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ የትምህርት ሚኒስቴሩን ግድግዳ በገበሬና በሠራተኛ ሥዕል ሲሞላው የመንግሥት ቤት ክብሩ አልጐደለም።

ይህ ማለት ግን ቀለም ያገኘ ሁሉ ይቀባ ማለት አይደለም። አንደኛ፥ የጀጎል ግድግዳ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ኖራ ያስተነፍሰዋል፥ የዘይት ቀለምና ስሚንቶ ግን እርጥበቱን በውስጥ አፍነው ልስኑን ያስጥሉታል። ሁለተኛ፥ ግድግዳን በነጻ ቀባሁ ብሎ የሸቀጡን ስም የሚጽፍበት ነጋዴ ስጦታ አልሰጠም፤ የመንገደኛውን ዓይን በርካሽ ገዛ እንጂ። ሦስተኛ፥ ቀለም የጐደለውን መሸፈኛ አይሁን። ለሐረር ውሃ ይሰጥ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲደርቅ ሕዝቡ የተጠማው ውሃ ነበር። ቧንቧው ደርቆ የማጠራቀሚያው ግንብ ቢያብብ ሽንገላ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን እንግዳ ሲመጣ ተቀብቶ እንግዳው ሲሄድ የሚረሳ ግድግዳ ነው። ሁለት ክረምት ካለፈበት በኋላ የተላጠው ሥዕል ካልተቀባው ግንብ ይልቅ ያሳፍራል፤ ያልተቀባው ስንፍናን ብቻ ሲመሰክር የተላጠው ስንፍናንም ግብዝነትንም ይመሰክራልና። የሐረር ሴት ግን እንግዳ መጣ አልመጣ ብላ አትጠይቅም፤ ዓመቱ ሲዞር እጅጌዋን ትሰበስባለች።

የቅኔ ተማሪ «ኖራ» የሚለውን ቃል ሁለት አድርጎ ይፈታዋል፤ አንዱ ግድግዳ የሚቀባው ነጩ ኖራ ነው፥ ሁለተኛውም ዘመን አሳልፋ ማለት ነው። ሐረርም በሁለቱ ትፈታለች፤ በየዓመቱ ኖራ እየተቀባች ኖራለችና። ክርስቲያኑም ከጎረቤቱ ይህን ቢማር ነውር የለበትም። የውሃውና የመብራቱ ሹማምንትም ለሚያሠሩት ቤት ሁሉ ከስሚንቶው ሒሳብ ጋራ የየዓመቱን ቀለምና የቀቢውን ደመወዝ አብረው ይጻፉ፤ መንገደኛው ዕዳውን ገና አልተከፈለም።