አትበይዱት፣ እሰሩት

መኪናን ከመጣበት ሥራ አውጥቶ ለሌላ ሥራ ማዋል ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ለጭነት በመጣ አይሱዙ ሻንሲ ላይ ላሜራ ቀጥቅጠው፣ መስኮትና ወንበር ገጥመው አውቶቡስ ያደረጉት የእኛው ቦዲ ሠሪዎች ናቸው፤ «ቅጥቅጥ» የሚለው ስም እስከ ዛሬ የመዶሻውን ሥራ ይመሰክራል። ፒክአፕ ጀርባ ላይ ሁለት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ተተክሎ ተሳፋሪው ዓይን ለዓይን መተያየት ሲጀምር ደግሞ ሕዝቡ መኪናውን «ውይይት» አለው። ሀዋሳ ደግሞ ይህን ብልሃት በጋሪ ጭምር አይታዋለች። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆኑበት «ኢትዮጵያ ሪድስ» አህያ በሚጎትተው ጋሪ ላይ የመጻሕፍት መደርደሪያ አሠርቶ ለሕፃናት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ያደረገው በዚህችው ከተማ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ተነሥቶ «ሚኒባሴ ውስጥ አልጋና ማብሰያ ገጥሜ ሀዋሳ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ባድርበትስ?» ቢል «ማን ይሠራልሃል?» ብሎ የሚመልሰው አይኖርም። እጁ የተባ ባለሙያ ሞልቷል። መጠየቅ ያለበት እንዴት ይሠራ የሚለው ነው። የኔ ክርክር አንድ ነው፦ ማደሪያው ከመኪናው ጋር መበየድ የለበትም። ሲፈለግ የሚገባ፣ ሳይፈለግ የሚወጣ ዕቃ ሆኖ ይሠራ።

ምክንያቴን ከኪስ ልጀምር። ቅጥቅጥም ውይይትም የተሠሩት የዕለት እንጀራ እንዲያመጡ ነው። የብየዳውና የላሜራው ወጪ የሚመለሰው መኪናው በየቀኑ ስለሚሮጥ ነው። ማደሪያ መኪና ግን ሌላ ነው። አንድ ቤተሰብ ወር ሳይዘል ከከተማ ቢወጣና በየጉዞው ሁለት ሌሊት ቢያድር በዓመት 24 ሌሊት ይሆናል። ለ24 ሌሊት ሲባል ወንበሮቹን አውጥቶ፣ ወለሉን በስቶ፣ ጣሪያውን ቆርጦ የቀሩትን ከ340 በላይ ቀናት መኪናውን ሥራ ማስፈታት ለሀብታም እንኳ የሚያዋጣ ስሌት አይደለም። በዚያ ላይ በእኛ አገር መኪና እንደ ሌላው ዓለም አርጅቶ በርካሽ የሚጣል ዕቃ አይደለም። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል፤ ከ2016 ጀምሮ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ግቢ ውስጥ የቆመችው አሮጌ ሚኒባስ ወይም ፒክአፕ ነገ በቀላሉ የማትተካ ቅርስ ናት። የማይተካን ነገር በማይመለስ ሥራ መንካት ደግሞ ብልህነት አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ሊብሬው ነው። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ በመለያው ይመዘገባል፣ በየጊዜውም ይመረመራል። ሊብሬው ላይ የመኪናው ዓይነት፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ የመጫን አቅም ሰፍሯል። ለቦሎ ሲቀርብ መርማሪው የሚያስተያየው መዝገቡንና ፊቱ የቆመውን መኪና ነው። የ12 ሰው ሚኒባስ ተብሎ የተመዘገበ መኪና ውስጡ ሲከፈት መኝታ ቤትና ማድ ቤት ከሆነ ክርክር ይነሣል፤ ሊሸጥ ሲፈለግም ገዢው በዚያው ልክ ዋጋ ይቆርጣል። ከቦሎው ሌላ ኬላም አለ። በመንገዶቻችን ላይ ኮንትሮባንድ የሚያዘው ብዙ ጊዜ መኪና አካል ውስጥ በተሠራ ድብቅ ቦታ፣ በ«ሻግ» ውስጥ ነው። ከወለሉ ጋር የተበየደ፣ ከፍራሽ ሥር የተደበቀ ሳጥን ለፈታሽ ዓይን ከሻግ በምን ይለያል? ክዳኑ ተነሥቶ ውስጡ የሚታይ፣ አራት ብሎን ተፈትቶ የሚወርድ ሣጥን ግን ዕቃ ነው፤ እንደ ማንኛውም ሻንጣ ይታያል፣ ይታለፋል።

ይህ ሐሳብ የድህነት ብልሃት ብቻ የሚመስለው ካለ ማደሪያ መኪና በዓለም የታወቀበትን ታሪክ ይመልከት። ቬስትፋሊያ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1951 ለቮልስዋገን ቫን የሠራው የመጀመሪያ ዕቃ «የካምፒንግ ሣጥን» ይባል ነበር። ማታ አልጋ የሚሆን መቀመጫና ለማብሰያ የሚያገለግል ቁም ሣጥን ያለበት፣ ከቫኑ ወጥቶ የሚቀመጥ ዕቃ ነው። ጀርመን ያን ጊዜ ከጦርነት ፍርስራሽ ገና በመነሣት ላይ ነበረች። አናጢውም ነጋዴውም በሳምንቱ ቀናት መሣሪያውንና ሸቀጡን በቫኑ ያመላልሳል፤ ቅዳሜ ሣጥኑን ያስገባና ቤተሰቡን ይዞ ይወጣል። ጣሪያው የሚነሣው፣ ውስጡ የተሟላው ውድ መኪና የመጣው ገቢው ካደገ በኋላ ነው። እኛ ያለንበት ሁኔታ ለ1951ዱ ጀርመን ይቀርባል። ከፎቶ ላይ አይተን የምንቀዳው ግን ዛሬ አውሮፓና አሜሪካ ያለውን ነው። መቅዳት ካለብን ከመጀመሪያው ገጽ እንቅዳ።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። የኋላ ወንበሮች የታሰሩባቸው የብሎን ቀዳዳዎች በፋብሪካ የተሠሩና ክብደት የሚችሉ ናቸው፤ ሣጥኑ በነዚያው ይታሰር፣ አዲስ ቀዳዳ አይበሳ። ሣጥኑ ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ቢሆን ሁለት ሰው አንሥቶ ያወጣዋል። ላዩ ላይ ታጣፊ ስፖንጅ ፍራሽ ይነጠፍ፤ ሥሩ የልብስና የዕቃ ቦታ ይሁን። ክብደቱ በቁጥር ይታሰብ፦ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ 80 ኪሎ ይመዝናል፣ ከአንድ ጎልማሳ ይበልጣል። ይህን ያህል ክብደት ፖርቶ መጋላ ላይ መስቀል በመታጠፊያ ላይ መኪና ይገለብጣልና ውሃ ወለል ላይ፣ ወደ መሐል ይቀመጥ። ማብሰያው ከኋላ በር ወደ ውጭ የሚወጣ ይሁን። በተለይ ከሰል መኪና ውስጥ አይግባ። ሽታ የሌለው የከሰል ጋዝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል፤ መኪና ደግሞ ከየትኛውም ክፍል ይጠብባል። ቡና ዛፍ ሥር ይፈላ፣ ረከቦቱም እዚያው ይዘርጋ። መስኮቱ ለአየር ገርበብ ስለሚል አጎበር የግድ ነው፤ የሐይቅ ዳር ሌሊት ያለ ትንኝ አይታሰብም። መበየድና መብሳት የለመደ እጅ ሌላም የሚያስቆመው ነገር መጥቷል። አሁን በብዛት የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች አብዛኞቹ ባትሪያቸውን የሚሸከሙት ወለላቸው ሥር ነው። የእነሱን ወለል በትራፓኖ መብሳት ማለት ባትሪውን መብሳት ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው «የሚነቀል ነገር ይንኳኳል፣ ግጭት ቢደርስ ደግሞ ሰው ላይ ይበራል» የሚለው ነው። ስጋቱ እውነት ነው፤ ሆኖም የሚመለከተው ያልታሰረን ዕቃ ነው። በወንበር ብሎን የታሰረ ሣጥን እንደ ወንበሩ ይቆማል። በጉዞ ላይ አልጋው ላይ ሰው እንዳይተኛም ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሁሉም ቀበቶ ባለው ወንበር ይቀመጥ፣ አልጋው መኪናው ሲቆም ይነጠፍ። ሁለተኛው ተቃውሞ «ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» ይላል። ከቤት ርቆ፣ ከመኪና አጠገብ ማደርን ግን ፈረንጅ አላስተማረንም። የአይሱዙ ሹፌርና ረዳት ጋቢናቸው ውስጥ ያድራሉ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ለቁልቢ ገብርኤል የሚጎርፈው ምዕመን ድንኳን ተክሎ፣ አውቶቡስ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያነጋው። በእነዚሁ ቀናት የሀዋሳ ገብርኤልም በእንግዳ ይጥለቀለቃል፤ ያን ሰሞን አልጋ ማግኘት ጭንቅ ነው። ለዚህ ሰው ወገቡን ዘርግቶ የሚተኛበት ሣጥን ቅንጦት ሳይሆን የእንቅልፍ ጉዳይ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉም በላይ ክብደት ያለው ተቃውሞ የደኅንነት ነው፦ «በዚህ ዘመን ማን ውጭ ያድራል?» እኔም እቀበለዋለሁ። ከመንገድ ዳር፣ ከጫካ ውስጥ፣ ሰው በማያውቀው ሜዳ ማደርን የምመክር አይደለሁም። ነገሩ ከመኪናው ወደ ቦታው የሚዞረውም ለዚህ ነው። የተሠራ መኪና ያለ ማደሪያ ቦታ ከንቱ ነው። አሞራ ገደል ደግሞ ለዚህ የተዘጋጀ ያህል የሚስማማ ሥፍራ ነው። ጥላ የሚሰጡ ትልልቅ ዛፎች አሉት፤ ቀን ሰው አይጠፋበትም። ጠዋት ጀልባዎች ሲመለሱ ቆሮሶና አምባዛ እዚያው ይገዛል፣ ይጠበሳል፣ ሾርባ ይሆናል። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ በጠዋት የተነሣ ሰው ቀን ይደርሳል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው፣ ካይሮን ከኬፕታውን ለማገናኘት በታቀደው አውራ ጎዳና ላይ ስላለች አፍሪካን በመኪና የሚያቋርጡ የውጭ ተጓዦችም በበሯ ያልፋሉ። የሚጎድለው ትንሽ ነገር ነው፦ የታጠረ ግቢ፣ ዘበኛ፣ መብራት፣ ቧንቧ ውሃ፣ ንጹሕ መጸዳጃና ሻወር፣ በሌሊት ልክ የሚከፈል ግልጽ ዋጋ።

«ሐይቁ ይቆሽሻል» የሚለው ደግሞ መልስ ብቻ ሳይሆን ቅድመ ሁኔታ ይፈልጋል። የሀዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ ፈስሶ የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባበት ሳሙና፣ ዘይትና ቆሻሻ ወደ ሌላ አገር አይሄድም፤ እዚያው ይቀመጣል፣ ከዚያው የሚወጣውን ዓሣ ደግሞ እኛው እንበላዋለን። ስለዚህ የመጣ መኪና ሁሉ የዕቃ ማጠቢያውን ውሃ የሚይዝ ጀሪካን ከሌለው አይግባ፤ ጀሪካኑም የሚደፋበት ከሐይቁ የራቀ ጉድጓድ ግቢው ውስጥ ይኑር። ምግብ ክፍት አይተው፤ የአሞራ ገደል ጦጣዎች ፈጣኖች ናቸው፣ የሰው ምግብ የለመደ ጦጣ ደግሞ ለልጆች አደጋ ነው። ሆቴሎች ይጎዳሉ ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ሣጥን ላይ የሚተኛው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሪዞርት ክፍል ሊከራይ የነበረ አይደለም፤ ሳይመጣ ሊቀር የነበረ ነው። ከመጣ ግን ዓሣ ይበላል፣ ጀልባ ይሳፈራል፣ ባጃጅ ይይዛል። ይህ ገንዘብ የሚገባው ትልቁ ሆቴል በማይደርስበት ኪስ ነው።

እንግዲህ ሁለት ወገኖችን ልለምን። ጋራዥ ያላችሁ ወገኖች፣ ደንበኛ መጥቶ «ሚኒባሴን ቤት አድርጉልኝ» ሲላችሁ ብየዳውን ከማብራታችሁ በፊት በብሎን የሚታሰር ሣጥን አሳዩት፤ አንድ ናሙና ብትሠሩ ያው ሣጥን ለአሥር ሰው ይከራያል። የሀዋሳ ከተማ አስተዳደርም ታኅሣሥ 19 ከመድረሱ በፊት አሞራ ገደል አካባቢ 20 መኪና የሚያቆም አንድ የታጠረ ግቢ ያዘጋጅና ይሞክረው። ካልሆነ አጥሩን ማንሣት ቀላል ነው፤ የሚነቀል ነገር ጥቅሙ ይኸው ነው።