ፍርሃትን በቪአር መነጽር ማከም፦ ለአምቦ ልጅ ምን ይጠቅማል?

ከአምቦ አዲስ አበባ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ለሥራ ኢንተርቪው ሄዳችሁ፣ ሊፍቱ ጋ ስትደርሱ እግራችሁ አልገባም ቢልስ? እኔ ላይ ደርሷል። ዘጠነኛ ፎቅ በደረጃ ወጥቼ፣ ላብ በላብ ሆኜ ነው ቢሮው የገባሁት። ሰው ሲሰማው ይስቃል። በዚህ ምክንያት ሥራ ያመለጠው ልጅ ግን አይስቅም።

ከአደጋው ጋር የማይመጣጠን፣ ኑሮን የሚያሰናክል ፍርሃት ፎቢያ ይባላል። የሊፍት ብቻ አይደለም፤ የከፍታ፣ የመርፌ፣ የውሻ፣ የአውሮፕላን፣ ሰው ፊት ቆሞ የመናገርም አለ። እዚሁ ምዕራብ ኦሮሚያ፣ በመቱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከተጠየቁት ሩብ ያህሉ የማኅበራዊ ፎቢያ ምልክት እንዳለባቸው አሳይቷል። ፕረዘንቴሽን ባለበት ቀን ከክላስ የሚቀረው ጓደኛችሁ ሰነፍ ላይሆን ይችላል ማለት ነው።

ፎቢያን የሚያቆየው ምን መሰላችሁ? ሽሽቱ ነው። ሊፍቱን ትታችሁ ወደ ደረጃው ስትዞሩ ወዲያው እፎይ ትላላችሁ። አእምሯችሁም «የዳንኩት ስለሸሸሁ ነው» ብሎ ይይዘዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃቱ ጨምሮ ይጠብቃችኋል። ኤክስፖዠር ቴራፒ የሚባለው ሕክምና ተቃራኒውን ያደርጋል፦ የምትፈሩትን ነገር ከቀላሉ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መጋፈጥ፣ «ይመጣል» ያላችሁት አደጋ እንደማይመጣ በራሳችሁ እስክታዩም እዚያው መቆየት።

ቪአር (ቨርቹዋል ሪያሊቲ) እዚህ ጋ ነው የሚገባው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎች የሞተር ብልሽትን መሬት ላይ፣ በሲሙሌተር ይለማመዳሉ አይደል? ሐሳቡ ያው ነው። መነጽሩን ስታጠልቁ ፎቅ ጫፍ ላይ ትቆማላችሁ፣ እግራችሁ ግን ክፍሉ ወለል ላይ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ለከፍታ ፍርሃት ተሞክሮ ውጤቱ የታተመው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። በ2018 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ከፍታ የሚፈሩ 100 ሰዎችን ይዘው ሞከሩት። መነጽሩ የደረሳቸው በአማካይ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ተጠቅመው ፍርሃታቸው በ68 በመቶ ቀነሰ። የመራቻቸውም ሐኪም ሳትሆን መነጽሩ ውስጥ ያለች ምናባዊ አሰልጣኝ ነበረች። በ2019 ደግሞ ኔዘርላንድስ ውስጥ 193 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በስልክ መተግበሪያና በርካሽ የካርቶን መነጽር ጥሩ ውጤት አሳይቷል።

ታዲያ ለአምቦ፣ ለጉደር፣ ለጊንጪ፣ ለጌዶ ልጅስ?

መጀመሪያ ዋጋው። ኩዌስት 3ኤስ በ2017 ዓ.ም. ሲወጣ 300 ዶላር ገደማ ነበር፤ በዛሬው ምንዛሪ ከ40 ሺህ ብር በላይ ነው፣ ቀረጥ ሳይጨመር። «በካርቶኑ እንጠቀማለን» ብትሉ ደግሞ ስልካችሁ ጋይሮስኮፕ የሚባል ሴንሰር ያስፈልገዋል፤ ብዙዎቹ ርካሽ ስልኮች የላቸውም። ቋንቋም አለ። በፍርሃት መሀል ያለ ሰውን በእንግሊዝኛ «አይዞህ» ማለት ምን ያደርግለታል? ለእኛ አካባቢ አሰልጣኟ አፋን ኦሮሞ መናገር አለባት።

በእኔ እይታ ግን ዋናው ነገር መነጽሩ አይደለም። ቪአር የሚጠቅመው የሚፈራው ነገር በቀላሉ ለማይገኝበት ሁኔታ ነው። ለአውሮፕላን ፍርሃት ለምሳሌ አሪፍ ነው፤ በየሳምንቱ ቲኬት የሚገዛ የለም። ውሻ ግን በየሰፈሩ አለ። ፕረዘንቴሽንም መጀመሪያ ለአንድ ጓደኛ፣ ከዚያ ለሦስት፣ ከዚያ ለክላሱ ማቅረብ ይቻላል። ያለ መነጽር፣ በነጻ። የሚጎድለው ደረጃውን አብሮ የሚያወጣ፣ የሠለጠነ ሰው ነው። ስለዚህ ባለሥልጣን መነጽር ሲያስመርቅ ብታዩ «ባለሙያውስ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በምዕራብ ሸዋ ባለፉት ዓመታት ባየነው ግጭት መንገድ መውጣት የሚፈራ ሰው አለ። ይሄ ፎቢያ አይደለም፤ ጤነኛ አእምሮ ሥራውን እየሠራ ነው። ኤክስፖዠር የሚሠራው አደጋው ከፍርሃቱ ሲያንስ ነው። እውነተኛ አደጋን የሚያክመው ሰላም እንጂ መነጽር አይደለም። አደጋው አልፎ ቅዠቱ ያልለቀቀው ሰው ደግሞ ብቻውን በስልክ አይሞክር፤ ባለሙያ ያስፈልገዋል።

እናንተስ? ፍርሃት ሥራ ወይም ትምህርት እያስቀራችሁ ከሆነ፣ በአቅራቢያችሁ ባለ ሆስፒታል «የአእምሮ ሕክምና ክፍል የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አያሳፍርም። እኔ በበኩሌ ባለፈው ሳምንት ሊፍት ገብቼ ሁለተኛ ፎቅ ወርጃለሁ። ሰባት ይቀረኛል።